ውሃ የፈሩት መስኮቶች

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ድሮ ድሮ የሆነ ነገር ላጫውታችሁ።

ሰውም እንስሳም ዕቃም በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ ኮረብታ ላይ የአንድ ደጃዝማች የድንጋይ ቤት ነበር። በአዳራሹ ሦስት ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች ነበሩ። በአንደኛው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ በሁለተኛው ላይ ቅዱስ ገብርኤል ከነክንፉ፣ በሦስተኛው ላይ ኖኅ ከነመርከቡ ተሥሎበታል። ደጃዝማቹ ሞቱ፤ ቤቱም ተዘጋ። አቧራ መጣ። አቧራውን ተከትላ ደግሞ ሸረሪት መጣች።

ሸረሪቷ መስኮቶቹ ከጸዱ ድሯ እንደሚጠረግ ታውቃለች። ስለዚህ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች፣ ውሃ ከነካችሁ ቀለማችሁ ይለቃል ትላቸዋለች። መስኮቶቹም አመኗት። በረንዳው ሰፊ ስለሆነ ዝናብ አይደርስባቸውም፤ እነሱም ተመስገን ይላሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይርገዱ የምትባል የደጃዝማቹ የልጅ ልጅ ቤቱን ልትኖርበት ከነከብቶቿ መጣች። ብትገባ አዳራሹ እንደ ዋሻ ጨልሟል። ወዲያው አናጢውን ጠራች።

«ጋሽ ድልነሳ፣ እነዚህን ነቅለው ይጣሉልኝና ነጭ መስታወት ያስገቡልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም መሣሪያቸውን ሊያመጡ ወጡ።

መስኮቶቹ ተሸበሩ። የጊዮርጊስ መስኮት ነፋስን እርዳኝ ብሎ ለመነው። ነፋስ ደስ ብሎት መጣና እፍ አለ፤ ሌላ አቧራ ጨመረበት። የገብርኤል መስኮት ሸረሪቷን ምከሪኝ አላት። እሷ ግን ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ አዲሱ መስታወትም ድሬን መያዝ አያቅተውም አለችው። የኖኅ መስኮት ጣራው ላይ የሚኖሩትን ርግቦች ጠራ። ርግቦቹ ክንፋችንን ከከብቶቹ ገንዳ ነክረን እናጥባችኋለን አሉ።

ሁለቱ መስኮቶች ውሃ ሲባል ገና ተንቀጠቀጡ። የኖኅ መስኮትም ፈርቷል። ቢሆንም፣

«ቀለሜ ከለቀቀም ይልቀቅ» አለ። «ሳልታይ ከምጣል፣ አንዴ ታይቼ ልጣል። ከእኔ ጀምሩ።»

ርግቦቹ ክንፋቸውን እየነከሩ መቱት። ጥቁር ውሃ ወረደ።

«አላልኳችሁም? ይኸው ለቀቀ» አለች ሸረሪቷ።

የለቀቀው ግን እድፉ ነበር። ከሥሩ ሰማያዊው ባሕር ብቅ አለ። ሁለቱ ይህን ሲያዩ እኔን አስቀድሙ፣ እኔን አስቀድሙ እያሉ ተሻሙ።

ጋሽ ድልነሳ መዶሻቸውን ይዘው ሲመለሱ በመስኮቶቹ የፀሐይ ብርሃን ገብቶ ወለሉ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ተጥለቅልቋል። ይርገዱ መሐል ላይ ቆማ፣ ነጠላዋ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ ሲሆን እያየች እንደ ልጅ ትስቃለች።

«የትኛውን ልንቀል ታዲያ?» አሏት።

«አንዱንም አይንኩ። ይልቅ መሰላል ያምጡልኝ፤ ርግቦቹ ያልደረሱበት ጥግ አለ።»

ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እየተጫወቱ፣ እስኪመሽ አጠቡ። ሸረሪቷ ተቆጥታ ወደ በረቱ ሄደች። እዚያም ላሞቹን ውሃ አትጠጡ ብላ ልትመክር ሞከረች፤ አንዷም ቀና ብላ አላየቻት።

እና ልጆች፣ የሚያስፈራራን ሁሉ የሚያስብልን አይደለም። አንዳንዱ ፍርሃታችን ላይ ቤቱን ሠርቶ ነው።