የምትስሙት ጉልበት

የጉባኤው ስብከትና ማስታወቂያ ካለቀ በኋላ፣ ጫማችሁን መፈለግ ከጀመራችሁ በኋላ፣ «እስቲ እትዬም አንድ ነገር ይበሉ» አላችሁ። እሺ። ሁለት ጎረምሶች መጡና ብብቴን ይዘው እንደ ጆንያ አንጠልጥለው እዚህ ፊታችሁ አስቀመጡኝ። እግሬ መሬት ይንካ አይንካ ያየ የለም። ፊደል ስላልቆጠርኩ የገዛ ጉልበቴንም የማላውቅ መስሏችኋል መሰለኝ። እንግዲህ ቁጭ በሉና ስሙኝ።

አንድ ሰው ነበረ። አባቱ ግራ ጎናቸው ደክሞ አልጋ ላይ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ክፉ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳይስም ከቤት አይወጣም።

የልጁ ልጅ ውድነሽ የምትዳርበት ቀን ደረሰ። ሙሽሮቹ መጥተው የአያትን ጉልበት ሊስሙ ነው፤ አያት ሊመርቁ ነው። ሽማግሌው ተኝተው መመረቅ አልፈለጉም። «ወንበር ላይ አድርገኝ» አሉ።

ወዲያው የመኪና ጡሩምባ ከመንገዱ ተሰማ። ልጁ ደነገጠ። ለሠርጉ ከተከራዩት የፕላስቲክ ወንበር አንዱን ጎትቶ ክፍሉ መሃል ገተረው። የአባቱን ሁለት ክንድ ያዘና ሳብ!

«ቆይ፣ ቆይ አንተ ልጅ!»

«ደረሱ እኮ አባባ! ይነሱ!»

ተነሱ። በካልሲ፣ በሚያንሸራትት ወለል ላይ። ግራ ጉልበታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ እጥፍ አለ። በደህናው እጃቸው የልጃቸውን አንገት አነቁ።

«አንገቴን ይልቀቁኝ!»

«ምን ልያዝ ታዲያ? አየር?»

ወንበሩ ተንሸራቶ ሄደ። አባትና ልጅ ተያይዘው ይወዛወዛሉ። ጡሩምባው ይቀርባል። ያ ወገብ ወለሉን ቢመታስ? ምን ሠርግ አለ? ለቅሶ ነበር እኮ! ደግነቱ ምራታቸው አስካለ ከጓዳ ሮጣ ደረሰች። ወገባቸውን ይዛ መልሳ አልጋው ላይ ዘፍ አደረገቻቸው።

ሦስቱም አለከለኩ። ከዚያ ልጁ፣ ላቡ እየወረደ፣ «የትኛው ጉልበትዎ ነው የከዳዎት?» አለ።

«ግራው ነዋ! ክረምቱን ሙሉ ስትስመው የከረምከው! ከንፈርህ እላዩ ላይ ነበረ፤ ምነው ያኔ ብትጠይቀኝ?»

ደጅ ላይ ዘፈኑ ደርሷል። ልጁ እንደገና ሊጎትታቸው እጁን ዘረጋ።

«ሂድ ወዲያ! ሙሽሮቹ ይቆዩ። አሁን እኔ የምልህን አድርግ። ጫማዬን አጥልቅልኝ። ወንበሩን በደህናው ጎኔ አምጣ፣ አልጋውን ይንካ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ስጠው። ክንዴን ተው፣ ነቅለህ ልታስቀረው ነው! ወገቤን ያዝ። በጉልበትህ ግራ ጉልበቴን ደግፍልኝ። ‹በል› ሳልልህ እንዳታነሳኝ።»

ልጁ ጉልበቱን ከአባቱ ጉልበት ጋር አጋጠመ። ሽማግሌው ወደፊት ጎንበስ አሉ። «በል!» ቆሙ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልታጠፈም። ደህናው እጅ የወንበሩን መደገፊያ ፈልጎ ያዘ። ቀስ ብለው ዞሩ፣ ተቀመጡ። ያኔ በሩ ተከፈተ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? በዓል ሲሆን መጥታችሁ ጉልበት ትስማላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። እናታችሁ ከሽንት ቤት ስትመለስ ምን ተደግፋ እንደምትራመድ ታውቃላችሁ? ስታገላብጧት የሚያማት የትኛው ትከሻዋ ነው? ስትይዛችሁ «አታስቸግሪ» ትሏታላችሁ። አላስቸገረችም፤ ፈርታለች! የምትወድቀው እሷ ናት፣ እናንተ አይደላችሁም። እግዚአብሔር ስንቴ ሳማችኋቸው ብሎ የሚጠይቃችሁ ይመስላችኋል? እንዴት አነሳችኋቸው ነው የሚላችሁ!

እኔ ጨርሻለሁ፣ ወደ ቦታዬ ልመለስ ነው። አንተ ስንታየሁ፣ ቅድም ያንጠለጠልከኝ፣ ና ወዲህ። እጅህን ሰብስብ! መጀመሪያ ፊቴ ቁምና ጠይቀኝ።