ከአጥሩ ወዲያ ያለው አውሬ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

አንድ ብልጣብልጥ ዝንጀሮ ሰፊ እርሻ ነበረው። ሠራተኞቹን በየማለዳው አሰልፎ «አንተ ለዛሬ ቆይ፤ አንተ ውጣ» ይላቸው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ሥራ ያጣውን የሚበላ አውሬ እንዳለም ነግሯቸዋል። ከወጡት አንድም ስላልተመለሰ ሁሉም አመኑት። ታታሪዋ አህያ ከሁሉም በላይ ስለምትፈራ፣ ጀርባዋ ቆስሎ እንኳ አመመኝ ሳትል ትሸከም ነበር።

አንድ ጭጋጋማ ማለዳ ዝንጀሮው «ማንከስ ጀምረሻል፤ ውጪ» አላት።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ጥቂት እንደሄደች፣ ቁጥቋጦው ውስጥ የሚያላምጥ ነገር ሰማች። ዓይኗን ጨፍና «እባክህ ቶሎ ጨርሰኝ» አለች።

«ምኑን ነው የምጨርሰው?» አላት ባለፈው ክረምት የተባረረው ፍየል። ቅጠል እየበላ ወፍሯል።

«አውሬውስ?»

«እኔም ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ልነግራችሁ ብጮኽም ድምፄ አጥሩን አላለፈም።»

አህያዋ ወደ አጥሩ ተመለሰች። ከዚያ «አውሬ የለም» እያለች ኮረብታው እስኪያስተጋባ አናፋች።

በማግስቱ ዝንጀሮው ሊያሰልፋቸው ሲወጣ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘው። ሰብሉ ደርሷል፤ እሱም ማጭድ ይዞ እርሻው መሀል ብቻውን ቆመ።