ዕድሜ ሰጪው ጎመን

ጥሬ ሥጋ ወዳዱ ፊታውራሪ ወንዳፍራሽ ኮሶ ጠጥተው፣ ቀኑን ሙሉ በር ዘግተው ሲያቃስቱ ዋሉና በማግሥቱ ግብር አበሉ። ሥጋው ሲዞር አንድ አድቬንቲስት ሽማግሌ ሸማኔ አልነካም ብሎ ጎመኑን ብቻ ይጎርሳል። ፊታውራሪ በገዛ ድግሳቸው የተናቁ መሰላቸው።

«አንተ! ሥጋ የተውከው ዕድሜ ፍለጋ ነው አሉ። ዕድሜ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው ወይስ ጎመን? ጎመን ካልክ ከሃዲ ነህና ከግዛቴ ትወጣለህ። እግዚአብሔር ካልክ ይህን ጉረስ!» ብለው ትልቅ ሙዳ ዘረጉለት።

ሸማኔው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ዕድሜ የሚሰጠውማ እግዚአብሔር ነው፣ ጌታዬ። የትናንቷንም ቀን ለሁለታችን እኩል ሰጥቶን ነበር። እኔ ጋቢ ስሠራባት ዋልኩ፤ የእርስዎን ግን ሥጋው በላብዎት።»