በገዛ እጁ የዘጋው በር

አንድ ሰው ነበር፤ ሥራው የሆስፒታል ኮምፒውተሮችን መጠበቅ። እዚያ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ኮንቴይነር በሚሉት ክፍል ለየብቻ ተቀምጠው፣ በኔትወርክ ይነጋገራሉ። የአንድ ግቢ ተከራዮች በሏቸው።

አንድ ጠዋት የላብራቶሪ ውጤት ለሐኪሞቹ አልደርስ አለ። ታማሚ ደሙን ሰጥቶ ይጠብቃል፤ ሐኪሙም ይጠብቃል። ሰውየው ምን አደረገ? የላብራቶሪውን ፕሮግራም አጥፍቶ አስነሣው። ዝም! ደግሞ አስነሣው። ዝም!

"ዘጋኝ እኮ!" አለ ተናዶ።

አብራው የምትሠራው ወይንሸት ሳቀችበት። "እዚህ ተቀምጠህ ከምትወቅሰው፣ እስቲ በኮምፒውተሩ የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ግባና ከዚያ ሆነህ እይ" አለችው።

ገባ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ላብራቶሪው ለካ ዝም አላለም! ከማለዳ ጀምሮ ይልካል፣ ይልካል፣ ይልካል። ውጤቱ የሚመለሰው ከሐኪሞቹ ፕሮግራም በር ነው። በሩ ላይ "ማንም እንዳይገባ" የሚል ትእዛዝ አለ። ማን ጻፈው? ራሱ ሰውየው! ትናንት ሰርጎ ገቦች ሲያስቸግሩት ሁሉን ዘጋና፣ ማን ይግባ የሚለውን መጨመር ረሳ።

"በገዛ እጄ!" አለ። ፈቃዱን ሲጨምር ውጤቱ ተግተልትሎ ገባ። እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

"ምነው? ተስተካከለ አይደል?"

"ወንድሜ ትዝ አለኝ" አላት።

ከወንድሙ ከገዛኸኝ ጋር ተጣልተው ከተለያዩ ቆይተዋል። በዓል በመጣ ቁጥር ዓይኑ ደጅ ደጁን ነው። "ምነው ሰላም እንኳ ቢለኝ!" ይላል፤ ናፍቆቱ አንጀቱን ይበላዋል። ግን እኮ ገዛኸኝ ሽማግሌ ልኮበት ነበር! "ስለ እሱ ከሆነ አትግቡብኝ" ብሎ ከደጅ የመለሳቸው ማን ነው? ከዚያ ወዲህ ዘመዱ ሁሉ ፈርቶት የወንድሙን ስም አያነሣም።

ሰውየው ያን ዕለት ሽማግሌዎቹን ፍለጋ ወጣ። አንደኛው ዐርፈዋል። ሌላኛው፣ አባ ሽብሩ፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አደረጉት።

"ልጄ፣ ገዛኸኝ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር 'እባክዎ አንድ ጊዜ ይሂዱልኝ' ይለኛል። እኔ ነኝ የፈራሁህ" አሉት።

ምእመናን! ስንቶቻችን ነን "ዘጋኝ፣ ረሳኝ" የምንል? ሰውን እንላለን። ፈጣሪንም "ዝም አለኝ" ብለን እናማርራለን። በእኛ ደጅ ማን መጥቶ ነበር? ምን ብለን መለስነው? ትናፍቃላችሁ፣ አውቃለሁ፤ እኔም እናፍቃለሁ። እንግዲያው ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ቤታችሁ አትግቡ። ከደጃችሁ የመለሳችሁትን ሰው ሂዱና ፈልጉት። የላከው ሰው አሁንም እየጠበቀ ነው።