በጠራ ሰማይ የመጣው ደራሽ

ክርስቲያኖች ሆይ፣ የአምላክ እናት በቆላ አገር፣ ከተራራ ግርጌ ለሚኖር ለአንድ ገበሬ ያደረገችውን ተአምር እነግራችኋለሁና ልቡናችሁን ሰብስባችሁ ስሙ።

ሻረው የሚባል ሰው ነበረ፤ ነገሩ ጥቂት፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ቤተ ሰቡም የሚፈራው ሰው ነበረ፤ እመቤታችንን ግን እንደ ሕፃን ይወድዳት ነበር። ዘወትር ማለዳ፣ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ዞሮ ሰባት ጊዜ ይሰግድ ነበርና በሕመምም ሆነ በአጨዳ ይህን ስእለቱን አስታጉሎ አያውቅም። ከሰገደም በኋላ ቀና ብሎ ሰማይን ያይ ነበር። የነፋሱን አነሣሥ፣ የደመናውን አቋም፣ የጉንዳኑንም አካሄድ መርምሮ «ዛሬ ዝሩ» ወይም «ዛሬ አትውቁ» ሲል የአገሩ ሰው ሁሉ እንደ ቃሉ ያደርግ ነበር፤ ብዙ ዘመንም አልሳተም። ከዚህ የተነሣ የተናገረውን መመለስ ሞት ሆነበት፤ ሚስቱም ልጆቹም «ተሳሳትኩ» ሲል ሰምተውት አያውቁም።

ልጁ ትርንጎ ሴት ልጅ ወለደችና ሕፃኒቱ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ልታስነሣት ተዘጋጀች። ቤተ ክርስቲያኗ ከመንደሩ በታች የሁለት ሰዓት መንገድ ናት፤ በዚያ አገር ወንዙ ከክረምት በቀር አሸዋ ብቻ ነውና ሰው ሁሉ በወንዙ ሆድ ይሄዳል፤ ግራና ቀኙም ገደል ነው።

በዋዜማው ማምሻ ላይ ጎረቤቱ ባዬ ሬዲዮኑን በብብቱ ይዞ መጣና፣ «አያ ሻረው፣ ትንበያው ነገ ከማለዳ ጀምሮ በደጋው ከባድ ዝናብ አለ ይላል። ሴቶቹ በዳገቱ ቢሄዱ ይሻላል» አለው።

ሻረው ሰማዩን አየና «ነገ ጠብታ የለም» አለ።

«እዚህ መች ተባለ? ደጋው ነው የተባለው።»

«ይኸው ሬዲዮ አይደል፣ በረዶ መጣ ብሎ ሽንብራህን በእሸቱ ያሳጨደህ?»

«እሱማ አሳጨደኝ» አለ ባዬ እየሳቀ። «ግን እሱ ሲሳሳት ይቅርታ ይላል፤ አንተስ?»

በዚያ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ሻረው ግን አልሳቀም፤ ወደ ልጁም ዞሮ «በወንዙ ትሄጃለሽ» አላት። እርሷም «እሺ፣ አብዬ» አለች፤ በእርሱ ቃል ላይ ቃል ተጨምሮ አያውቅምና።

በነጋም ጊዜ ትርንጎ ሕፃኒቱን አዝላ፣ የክርስትና እናት ከምትሆናት ሴት ጋር ወደ አሸዋው ወረደች፤ ሻረውም በሬዎቹን በወንዙ ዳር ካለው ጉድጓድ አጠጥቶ ሊከተላቸው ቀረ። ከራሱ በላይ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ነገር ግን ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ከወንዙ ዳር ወደ ላይ ሲወጡ አየና ልቡ ደነገጠ፤ ሰው እንዳያይበትም በእግሩ አፈር አለበሳቸው። ከዚያም በሬዎቹ ውሃውን ትተው፣ አፍንጫቸውን ወደ ተራራው አቅንተው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በቆላ የማይታወቅ ብርድ ያለበት ነፋስም የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ሻረው ቀና ሲል የተራራው ራስ ጠፍቶ በቦታው ጥቁር ነገር ቆሞ ነበር።

ባዬም እየሮጠ ደረሰና፣ «አያ ሻረው፣ የግብርናው ሠራተኛ ከደጋ ደወለ! ውሃው ተነሥቷል! ምን እናድርግ? ኧረ አንድ ቃል በል!» አለው።

የሻረው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ነገር ግን ትናንት የሳቁበት ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመው አየና አፉ ታሰረ። ባዬም «አንተስ ድንጋይ ነህ!» ብሎ ወደ በቅሎው ሮጠ፤ ኮርቻውን ሳይጭን ግን ምድር ተንቀጠቀጠች።

ከውሃው በፊት ድምፁ መጣ፤ ሺህ ወፍጮ በአንድነት የሚፈጭ ይመስል ነበር። ቀጥሎም ደራሹ ጎርፍ ራሱ እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ዛፍ ከነሥሩ፣ ፍየል ከነገመዱ ተሸክሞ በሻረው ፊት አለፈ። ሻረውም በገደሉ አፋፍ እየወደቀና እየተነሣ ሮጠ፤ ደራሹ ግን ቀደመው፤ ልጁ ወዳለችበት ሲወርድም በዓይኑ ያየው ነበር። ሊጮኽ ቢል ድምፁ አልወጣለትም። ከዚያም በግንባሩ ተደፍቶ በልቡ ብቻ፣ «እመቤቴ ሆይ፣ ቃሌን ለመመለስ ኃይል አጣሁ፤ አንቺ መልሽልኝ» አለ።

ከዚያም ተነሥቶ ሬሳ ሊፈልግ ሄደ። በየመታጠፊያው ቁልቁል እየተመለከተ፣ በቅርንጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ የተያዘ በመሰለው ቁጥር ነፍሱ እየተጨነቀች ሄደ፤ ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ ሲደርስም ትርንጎ ሕፃኒቱን እያጠባች ተቀምጣ አገኛት። ጣቶቿ ተልጠው ይደሙ ነበር።

«አብዬ፣ የት ቀረህ?» አለችው። «ከገደሉ ላይ ስትጣራ ሰምተን ቀና ብንል አጣንህ።»

«ምን ብዬ ተጣራሁ?»

«‹ትርንጎ፣ ተሳስቻለሁ፣ ውጪ!› አልከኝ። ጎርፍ መች ሰማሁ፤ ሰማዩም ጠርቶ ነበር። አንተ ‹ተሳስቻለሁ› ስትል ግን ዓለም ያለፈች መሰለኝና ገደሉን በጥፍሬ ወጣሁት። ውሃው ከተረከዛችን ሥር አለፈ።»

የክርስትና እናቲቱም፣ «የአያ ሻረው ድምፅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሰማሁት» ብላ መሰከረች።

ሻረውም በዚያች ሰዓት እርሱ ድምፅ አጥቶ በግንባሩ ተደፍቶ እንደ ነበረ ዐወቀ። ያን ጊዜ ከደራሹ ይልቅ ፈራ፤ በእርሱ ድምፅ ማን እንደ ተናገረች ተረድቷልና። ካህኑም ሕፃኒቱን ካጠመቁ በኋላ፣ ባዬና የመንደሩ ሰዎች ተከትለው በደረሱ ጊዜ፣ ሻረው በሁሉ ፊት ቆሞ፣ «እኔ ያየሁት ከራሴ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ነው። ተሳሳትኩ። ልጄን የመለሰችልኝ እመቤቴ ናት» አለ። ባዬ እንኳ አልሳቀም። ሕዝቡም እልል ብለው፣ በእናቱ ልመና የታደገውን አምላክ አመሰገኑ።

እኛንም በትዕቢት አፋችን በታሰረ ጊዜ ስለ እኛ ትናገርልን፤ ይህን የሰማችሁትን ሁላችሁንም በመንገዳችሁ ትጠብቃችሁ፤ ዝናሙን በወራቱ፣ ልጆቻችሁንም በሰላም ታግባላችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።