አጥናፉ ጥሩምባውን የሰቀለበት ሳምንት

አንድ ሰው ያልሆነ ወሬ አገር ምድሩን ካዳረሰ በኋላ "ተሳስቼ ነበር" ብሎ በአንድ ቃል ሊገላገል ሲፈልግ፣ በእኛ አካባቢ የሚተረትበት አንድ ተረት አለ። ዛሬ ዛሬ ለቀልድም ሆኗል፤ በሰርግ ቤትና በጠጅ ቤት ሐሜተኛ ሲያሳፍሩበት እሰማለሁ። ሌሎቹ ሲስቁ እኔ አልስቅም። ተረቱ የተወለደው ጥንጁት በር ላይ ነው፤ እናቴም ያኔ ከተንኳኩት ደጆች ከአንዱ ውስጥ ተኝታ ነበር። እሷ የነገረችኝን እነግራችኋለሁ።

ጥንጁት በር በዚያን ጊዜ ከመኪና መንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ መቶ ሃያ የማይሞሉ ቤቶች ነበሯት፤ ከተማ መባሏም በይሉኝታ ነው። መብራት አልገባላትም፣ ሐኪም አልነበራትም። እድር ግን ነበራት፤ እድሩም አጥናፉ የሚባል ጥሩምባ ነፊ ነበረው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በየመንደሩ እየዞረ "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" እያለ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚናገር እሱ ነው።

አጥናፉ የማያፈርሰው ደንብ ነበረው። አስከሬኑን በዓይኑ ሳያይ ጥሩምባውን ከአፉ አያስጠጋም። በአንድ የጎረቤት እድር ራሱን የሳተ ሰው ሞቷል ተብሎ ተለፍፎ፣ ሰውዬው ከለቀስተኛው መሐል ተነሥቶ የሚጠጣ ውሃ ጠየቀ ይባላል። አጥናፉ ይህን ከሰማ ወዲህ ገብቶ የሟቹን ግንባር ይዳስሳል፤ ማን እንዳየና መቼ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከዚያ ነው የሚወጣው። በሃያ ሦስት ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተም። ቄሱን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር እንኳ የአጥናፉን ጥሩምባ የሚጠራጠር አልነበረም።

ሰው አምኖት ነበር እንጂ አልቀረበውም። ጠዋት መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ "እንዴት አደርክ" አይለውም፤ "ማን ነው?" ነው የሚለው። ጨው ሊገዛ ቢወጣም "ማን ነው?" ይሉታል። ሙሽራ ያለበት ቤት በዚያ በኩል እንዳያልፍ አደራ ይልክበታል። ሚስት ሊያገባ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለቱም ጊዜ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አልሞከረም።

"እንዴት አደርክ" የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ደብሪቱ ትባላለች፤ ባሏን የቀበረች፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ጎረቤቱ ናት። ግቢያቸውን የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነው። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "አጥናፉ፣ እንዴት አደርክ?" ትለዋለች፤ እሱም "እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ" ይላል። ብዙ ቀን ከዚህ ሌላ ከሰው ጋር የሚነጋገረው ነገር አልነበረውም፤ ይኼው ይበቃው ነበር።

በዚያ ዓመት በነሐሴ ጎርፉ ወንዙን ካደፈረሰ በኋላ ተቅማጥና ትውከት ገባ። ጠዋት በእግሩ የቆመው ሰው በማግስቱ ዓይኑ ጎድጉዶ ቆዳው ተጨማዶ ይገኛል። በአንድ ሳምንት አጥናፉ አራት ጊዜ ነፋ።

ይህ በሆነ በስምንተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ ጥንጁት በር ላይ ቆመ። ጎማው እስኪለጠፍ ድረስ ነጋዴው የእድሩ ዳኛ አቶ ጓንጉል ቤት ምሳ ተጋበዘ። ችኩል እንግዳ ነው፤ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ነው ማዕዱ ላይ የተቀመጠው። ስለ በሽታው ሲያወሩለት፣ በእሱ በኩል መላው ተገኝቶ መቆሙን ነገራቸው። ለታመመው ሰው ውሃ መንሳት ነው አለ፤ ምንጩ ሲደርቅ ጎርፉ ይቆማል። ነገሩ ለገበሬ ጆሮ እንዴት ደስ እንደሚል ልብ በሉ። ማን እንደነገረው፣ ማን እንደዳነ የጠየቀው የለም። ጎማው ተለጠፈና ጉርሻውን እያኘከ ሄደ፤ ስሙን እንኳ አላወቁም። ምናልባት አልዋሸም፤ እሱም የሰማውን ነው የደገመው።

አቶ ጓንጉል አጥናፉን አስጠርተው ይህንኑ በጥሩምባ እንዲያሰማ አዘዙት። አጥናፉ "ማን አየ?" ሊል ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠው። ለምን እንደዋጠው ኋላ ለእናቴ እናት ነግሯታል፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሞት ሳይሆን ስለ መዳን ሊነፋ ነውና ልቡ ቸኮለ። ለሬሳ የሚያጣራውን ያህል ለመድኃኒት አላጣራም።

ወጥቶ ነፋ። "ያልሰማህ ስማ! ለታመመ ሰው ውሃ እንዳታጠጣ!" እያለ መንደሩን ዞረ። ሰዎች በራቸውን ከፍተው ወጡ፤ "ተባረክ" አሉት። አንዲት ሴት የተቀቀለ በቆሎ ሰጠችው። በልጅነቱ ካልሆነ በቀር ማንም ከደጁ ላይ ቆሞ እንዲህ ፈገግ ብሎለት አያውቅም። በቆሎውን እየበላ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያለቀሰው በደስታ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ደብሪቱ በአጥሩ ላይ ሳትታይ ረፈደ። ዘሎ ቢገባ መደቡ ላይ ተኝታለች። ጎረቤት በፍርሃት አልመጣም፤ ስለዚህ ያስታመማት እሱ ነው። ልብሷን አጠበ፣ ላቧን ጠረገ። ከንፈሯ ሲሰነጠቅ "እባክህ አጥናፉ፣ ምላሴን እንኳ አርስልኝ" አለችው። እንስራው እዚያው በአጠገቧ ነበር። አጥናፉ እንስራውን አንሥቶ ዓይኗ እንዳያየው ውጭ አስቀመጠው። "ቻይው እትዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው" አላት። እሷም ቻለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሸማኔው አባ ቢራራ አርፈዋል የሚል ወሬ ደረሰው። እንደ ደንቡ ሊያይ ሄደ። ገብቶ ቢያይ አባ ቢራራ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል እንጂ አልሞቱም። ሚስታቸው ዘነቡ በቅል ታጠጣቸዋለች። ዘነቡ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ጥሩምባውን አልሰማችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ውሃ እያፈላች፣ ቀጭን የገብስ አጥሚት ጨው ጣል እያደረገች ስትሰጣቸው ከርማለች።

አባ ቢራራ "እኔማ እምቢ ብያት ነበር፤ እጄን ባወናጭፍ ጨምሪልኝ ያልኳት መሰላትና ደገመችኝ" አሉ እየሳቁ።

አጥናፉ አልሳቀም። በሩ ላይ እንደቆመ ጥሩምባውን ከነፋ ወዲህ የገባባቸውን ቤቶች በልቡ ዞራቸው። ስድስት ግንባር ዳስሷል። ስድስቱም ቤት ጥሩምባውን ሰምቷል። ከሕመሙ ሲነሣ ያየው ሰው ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ የዚህ ቤት ሴት ደግሞ አትሰማም። ያኔ የዋጠው ጥያቄ አሁን ተመልሶ መጣበት።

ሮጦ ደብሪቱ ዘንድ ገባና ውሃ በኩባያ አቀረበላት።

"ጠጪ እትዬ። ተሳስቼ ነው።"

"አንተ አትሳሳትም" አለችው፤ ድምፅዋ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

"ሐሰት ነው የነፋሁት። ማንንም ሳልጠይቅ ነው የነፋሁት።"

"አይዞህ። አዝነህልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥሩምባህን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ እኮ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጥርሷን ገጠመች። ከአንደበቱ ይልቅ ጥሩምባውን አመነች፤ እንዲያ እንድታምን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማራት ራሱ ነው።

ሌላ ሰው ቢነግራት ታምናለች ብሎ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ክሊኒኩ ሮጠ፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። ከታማሚው የሚፈሰው የሰውነቱ ውሃ ነው፣ የፈሰሰው ካልተተካ ሰውዬው ይደርቃል አለው። ከወንዝ እንደተቀዳ ሳይሆን አፍልታችሁ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው በጥብጣችሁ፣ ቢያስታውከውም ታግሣችሁ በትንሽ በትንሹ አጠጡ አለው። የሚበጠበጥ ዱቄትም በከረጢት ሰጠው፤ ልኩንም አሳየው። ክሊኒኩ በበሽተኛ ስለሞላ ነገ እደርሳለሁ አለ።

አጥናፉ ሲመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ደብሪቱ እንደተዋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ነበር። ግንባሯን ዳሰሰ። "ማን አየ?" የሚለው ሰው አልነበረም፤ ያየው እሱ ራሱ ነው።

ጥሩምባውን ይዞ መንገድ መሐል ቆመና ነፋ። ስሟን አልጠራም። ታማሚን ውሃ አጠጡ፣ የቀድሞው ሐሰት ነበር ብሎ ጮኸ። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ሰው ጥሩምባ ሲሰማ በሩን ዘግቶ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ከየቤቱ "ማን ነው? ማን ነው?" የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ስም ሲጠፋ እያንዳንዱ ለፈራለት ሰው ያለቅስ ጀመር። አቶ ጓንጉል ወጥተው ያለ እድሩ ፈቃድ መንፋቱ ነውር መሆኑን፣ እድሩንም የአገር መሳቂያ እንደሚያደርገው ነገሩት። ሐዘን አእምሮውን ነክቶታል የሚል ወሬም እዚያው ተወለደ።

አጥናፉ ጥሩምባውን በደብሪቱ አጥር ላይ ሰቀለው። ውሃ አፈላ፣ በጠበጠ፣ ማሰሮና ኩባያ ይዞ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ብቻ ሥራውን አቋርጦ ደብሪቱን ቀበረ፤ ቀብሯ ላይ አምስት ሰው ቆመ። ለጥንጁት በር ሰው ሁሉ የነፋው ለእሷ አልነፋላትም።

የሞት ለፋፊ ደጅ ሲያንኳኳ የሚከፍት ማን ነው? በመጀመሪያው ቤት ውሻ ለቀቁበት። በሁለተኛው ልጁ የሞተበት አባት ወጥቶ አንገቱን አንቆ ያዘው፤ "አንተ ነህ የነሳኸኝ" አለው። አጥናፉ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ። ሰውዬው ለቀቀውና ደፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሦስተኛው የእናቴ ቤት ነው። እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ውሃ ካየች ሁለት ቀን ሆኗታል። እናቷ ከውስጥ ሆና "ማን ነው?" አለች፣ ሁሉም እንደሚለው።

"የሞተ የለም። ልጅሽን ውሃ አጠጫት። የነፋሁት ሐሰት ነው፤ በዚያ ሐሰት እትዬ ደብሪቱን በእጄ ገድያታለሁ።"

አልከፈተችም። እሱም አልሄደም። ደፉ ላይ ተቀምጦ ለተዘጋው በር ያወራ ጀመር፤ የእንግዳውን ወሬ፣ የዋጠውን ጥያቄ፣ የዘነቡን ቅል፣ ውጭ ያስቀመጠውን እንስራ ሁሉ ነገራት። ምናልባት በሕይወቱ ያን ያህል ያወራበት ቀን አልነበረም፤ የሰማው ደግሞ ሳንቃ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ በሩ የኩባያ ስፋት ያህል ተከፈተ። እጅ ወጥቶ ኩባያውን ተቀበለውና ተመልሶ ተዘጋ። እናቴ ዛሬም የዚያን ውሃ ጣዕም ትነግረኛለች፤ ጨው ጨው ይል ነበር ትላለች።

ድሬሰሩ እንዳለው መጣ፤ እሱም ከአጥናፉ ኋላ እየተከተለ በተከፈተው በር ሁሉ ገባ። እንዲህ ሆኖ አራት ቀን ዞሩ። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት አጥናፉ ቅንጭቡ ዘንድ ትንሽ ይቆማል፤ ማንም "እንዴት አደርክ" አይለውም፤ ማሰሮውን ያነሣና ይሄዳል።

በአራተኛው ቀን የሚሞት ሰው እየቀነሰ መሄዱን ሁሉም አየ። አቶ ጓንጉል ያን ቀን ነው ልባቸው የተመለሰው። አጥናፉን መንገድ ላይ አገኙት፤ እግሩ አብጧል፣ ጫማውን ትቶታል፣ ገና ሠላሳ የሚሆን ደጅ ይቀረዋል። አባ ቢራራም በዱላ ተደግፈው ወጥተው፣ ደብሪቱ ፈትላ የተወችላቸውን የመጨረሻ ልቃቂት እጃቸው ላይ ይዘው ከአጥሯ ሥር ተቀምጠዋል።

አቶ ጓንጉል "አሁን እድሩ ፈቅዷል። ጥሩምባህን አውርድና አደባባዩ ላይ አንዴ ንፋበት፤ በአንድ ጠዋት ያልቅ የለም ወይ? ምን ያንከራትትሃል?" አሉት።

አጥናፉ ወደ ተሰቀለው ጥሩምባ ቀና ብሎ አየ። ኩባያውን አስተካክሎ ያዘና ወደሚቀጥለው በር ሄዶ አንኳኳ፤ ከውስጥም "ማን ነው?" አሉት።

አባ ቢራራ ልቃቂቱን ጉያቸው ውስጥ እየከተቱ "ተወው ጓንጉል፤ በጥሩምባ የተዘራ ደጅ ለደጅ ይለቀማል" አሉ።