«ቤቶች» የሚባልበት ባዶ አዳራሽ

በወይንአምባ ከተማ ራስ ላይ የቆመውን የጥንቱን የአገረ ገዥ አዳራሽ ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው፣ ቲኬቱን ቆርጦ ደረጃውን ከወጣ በኋላም ቢሆን ዝም ብሎ አይገባም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጡ ከጥቂት ያረጁ ወንበሮች በቀር ባዶ መሆኑ እየታየ፣ ደፉ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ቀና ብሎ ላየ ደግሞ የበሩን ቅስት የሚቆልፈው የመሃል ድንጋይ ከግራ ቀኙ ድንጋዮች አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይታየዋል። ሁለቱም ነገር ከአንድ ቀን የመጣ ነው ይላሉ የአገሩ ሽማግሌዎች።

እንደሚነገረው፣ አዳራሹን ያሠሩት ደጃዝማች ወንድይራድ ግንበኞቹን ከነቤተሰባቸው በግቢው ውስጥ በጎጆ አስፍረዋቸው ነበር። ከግንበኞቹ አንዱ አንለይ የሚባል ወጣት ነው። ሚስቱ ውባለም የመጀመሪያ ልጃቸውን ወንድ በወለደችበት ሳምንት የደጃዝማቹ ባለቤት ወይዘሮ ጌጤነሽም ወንድ ወለዱ። ለአንዱ ጥይት ተተኮሰ፣ ለሌላው ጎረቤት እልል አለ፤ አንለይ በዚህ አልከፋውም ነበር ይባላል። የእሱ ልጅ ግን አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። እንዲህ ያለ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስለማይቀበር፣ አባቱ ራሱ ጎጆው ጥግ ቆፍሮ ቀበረው።

ጎጆው የቆመበት ቦታ ለአዳራሹ ዋና በር የታሰበ ነበርና፣ ብዙም ሳይቆይ የሥራው አለቃ መጥቶ ይፍረስ አለ። የጌታው ልጅ የክርስትና ግብር የሚበላው በአዳራሹ ስለሆነ በሩ መድረስ ነበረበት። አንለይ ጎጆውን አፍርሶ በልጁ ላይ ደፉን አነጠፈ። ይህንንም ቢሆን በቻለው ነበር። ነገር ግን የወይዘሮዋ ጡት ደረቀና፣ ወተት ያላት እመጫት ስትፈለግ ውባለም ተጠራች። ከዚያ ወዲያ የምታድረው እልፍኝ ሆነ። አንለይ መወጣጫው ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲያስተካክል፣ የሰው ልጅ ታቅፋ በሰገነቱ ስትንጎራደድ ያያታል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ነጠላዋን ገለጥ ስታደርግም ያያል። ጓደኞቹ፣ «ሚስትህ እኮ አማረባት! እኛንም ጌታ ቤት ባስገቡን» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ድንጋዩን ማስተካከሉን ይቀጥላል። የዚያ ሕፃን ጉንጭ በሞላ ቁጥር ከልጁ ላይ የተወሰደ ይመስለው ነበር ይባላል።

እጁ የታመነ ነውና የቅስቱን የመሃል ድንጋይ የሰጡት ለእሱ ነበር። ሆን ብሎ አሳንሶ ጠረበው፤ ኖራ ሳያስነካ በእንጨት ሽብልቅ ብቻ አስይዞ፣ ሽብልቁ ላይ ቀጭን ጠፍር አሥሮ በበሩ ጀርባ አወረደው። ልጁን ታቅፈው ከሁሉ ፊት የሚገቡት እናቱ እንደሚሆኑ ያውቃል። ጠፍሩን መሳብ ብቻ ነው የቀረው።

የክርስትናው ቀን አንለይ ጠፍሩን በእጁ ጠቅልሎ ከበሩ ጀርባ ቆመ። ከበሮውና እልልታው ደረጃውን ወጣ። ሕፃኑ መንገድ ላይ አልቅሶ አልባበል ስላለ ለውባለም ተሰጥቶ ነበር ይባላል፤ ይህን አንለይ አላየም። ኮቴ ደፉ ጋ ደርሶ ሲቆም ሰማ።

«ቤቶች!»

የሚስቱ ድምፅ ነበር። ከበሮው ዝም አለ።

«አንቺ፣ በባዶ ቤት ማንን ነው የምትጠሪው?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ባዶ አይደለም፣ እመቤቴ። የልጄ ቤት ነው። ሳያስገባን እንዴት እንገባለን?»

ሁሉም መልስ ጠበቀ። ከውስጥ መልስ ሊሰጥ የሚችለው አንለይ ብቻ ነበር።

«ቆዩ፤ ገና አልጨረስኩም» አለ።

መሰላል አስደግፎ ወጣ። ድንጋዩን በትከሻው ደግፎ ሽብልቁን ሲነቅለው፣ ድንጋዩ አንድ ጣት ያህል ወርዶ ትከሻው ላይ አረፈ። ወደ ላይ ሊመልሰው ጉልበት አጣና በዚያው ባለበት ዙሪያውን ስንጥር ድንጋይ ጠቀጠቀበት፣ በኖራም መረገው። እንግዳው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ የሥራው አለቃ ከታች ይሳደባል። አንለይ ወረደና «ግቡ» አለ።

ውባለም ስታልፍ እጁ ላይ የተጠቀለለውን ጠፍር፣ መዳፉ ውስጥ ያለውንም ሽብልቅ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ፣ ይሄ እኮ የልጅህን ወተት የጠባ ነው» አለችው። አንለይ ሕፃኑን ቀረብ ብሎ ያየው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ቅናቱ በዚያው ለቀቀው የሚሉ አሉ። እስኪሞት አልለቀቀውም፣ ግን ክረምት በወጣ ቁጥር ማንም ሳያዘው መሰላል ተሸክሞ መጥቶ ድንጋዩን ኖራ ይመርግለት ነበር የሚሉም አሉ።

ከደጃዝማች ወንድይራድ በኋላ የመጡት ገዥዎች ሁሉ፣ ፍርድ ሊሰጡም ሆነ ግብር ሊያበሉ ሲገቡ፣ ደፉ ጋ ቆመው «ቤቶች» ሳይሉ አልገቡም ይባላል። ዛሬ ገዥም ግብርም የለም። ጎብኚው ይጣራል፤ አስጎብኚው አንድ ሰው ከመሰላል ወርዶ በሩ ጋ እስኪደርስ ያህል ይጠብቅና «ግቡ» ይላል። ልጅ የታቀፈ ካለ ቀድሞ ይገባል።